አፍ የሚያስይዝ ማስረጃ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ሰሞኑን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ፊዚክስ አስተምረው ዛሬም የሚጸልዩ ሰው መሆንዎን ሰምቻለሁ። አንድ የክፍሌ ልጅ እግዚአብሔር የለም ይላል። በተከራከርን ቁጥር መልስ ያሳጣኛል። አፉን የሚያስይዝልኝ አንድ፣ አንድ ብቻ ማስረጃ ይስጡኝ።»

ልጄ፣ ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፌ ተዛብቷል። ማስረጃ አጥቼ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ የተደረደሩትን መከራከሪያዎች ከነተቃውሟቸው ልዘረዝርልሽ እችላለሁ፤ ዝቅ ብዬ ጥቂቶቹን አነሳለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ «አንድ ብቻ» ያልሽው ነው። በወጣትነቴ ይህንኑ የሚል የዶርም ጓደኛ ነበረኝ። ነገሩ የት እንዳደረሰው በዓይኔ ስላየሁ ቁጭቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ያ ልጅ ከሁላችንም በላይ የሚያነብ፣ ከሁላችንም በላይ የሚጸልይ ነበር። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ነበረው። በግራው ገጽ ላይ የእግዚአብሔርን መኖር ያረጋግጣል ያለውን አንድ ማስረጃ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋል። በቀኙ ገጽ ደግሞ በዚያ ማስረጃ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ በቀይ ያሰፍራል። ተቃውሞ አይደብቅም፤ ከመጽሐፍ ያገኘውንም፣ ሰው የነገረውንም፣ ራሱ ሌሊት ተነስቶ ያሰበውንም ይጽፈዋል። መልስ ያገኘለት እንደሆነ ከቀዩ ሥር እንደገና በሰማያዊ ይቀጥላል። አንዳንዱ ገጽ ሰማያዊና ቀይ ሲፈራረቅበት እስከ ጠርዙ ይሞላና ትንንሽ ወረቀት እየተለጠፈበት ወደ ታች ይረዝም ነበር። የሚፈልገው ቀይ ቀለም ያልነካው አንድ ገጽ ነው። «አንድ ብቻ ይበቃኛል» ይለኝ ነበር።

ከእኛ ፎቅ በላይ ደግሞ ሒሳብ የሚያጠና ልጅ ይኖር ነበር፤ አያምንም። ተንኮል የሌለበት፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሌሎቹ ኢአማኞች እንደሚያደርጉት በሚጸልይ ሰው ላይ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሁለቱም ወዳጆቼ ነበሩ፤ ሁለቱም እኔን ይዘው ለየብቻ ማውራት ይወዱ ነበር። እርስ በርሳቸው ግን ከሰላምታ አያልፉም። ተማሪው በመካከላቸው ክርክር ካላየን ብሎ ወተወተና አንድ ምሽት የመማሪያ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሁለቱም ስለሚያምኑኝ ሰዓት እንድይዝ እኔን መረጡ።

የዶርም ጓደኛዬ ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ጻፈ። መኖር የጀመረ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው። ጽንፈ ዓለም መኖር ጀምሯል። ስለዚህ ጽንፈ ዓለም ምክንያት አለው። በ11ኛው መቶ ዘመን የሙስሊሙ ሊቅ አል-ገዛሊ በዚሁ መንገድ ተከራክሯል። ጓደኛዬ ሁለተኛውን መስመር በዘመናችን ሳይንስ ነበር ያስደገፈው፤ ጋላክሲዎች እርስ በርስ እየተራራቁ መሄዳቸውን፣ ፔንዝያስና ዊልሰን የተባሉት ሁለት ሰዎች ከሁሉም የሰማይ አቅጣጫ የሚመጣውን፣ ከጽንፈ ዓለም የመጀመሪያ ዘመን የተረፈ ነው የሚባለውን ደካማ የራዲዮ ጨረር ማግኘታቸውን አንድ በአንድ አስረዳ። ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው። ዛሬ እኔ ለተማሪ ባስረዳ ከዚያ የተሻለ አላስረዳም።

ሒሳበኛው ተነሳና ሁለተኛውን መስመር አሰመረበት። «ቀመሮቻችን ወደ ኋላ ይዘውን ይሄዳሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ራሳቸው ይፈርሳሉ። ከዚያ ወዲያ የምናውቀው የለም። አለማወቃችንን አንተ መጀመሪያ ብለህ ጠራኸው» አለው። ቀጥሎ አንደኛውን አሰመረበት። «ምክንያት የሚባለውን ነገር የተማርነው በጽንፈ ዓለሙ ውስጥ ካሉ ነገሮች ነው። ለሁለመናው እንደሚሠራ በምን አወቅህ?» ጓደኛዬም ሳይደናገጥ መለሰለት፤ ከምንም ነገር ያለ ምክንያት ሊመጣ ይችላል ካልን ሳይንስ የሚባል ሥራ ከነጭራሹ አይኖርም አለ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ። እስከዚህ ድረስ ካየኋቸው ክርክሮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሒሳበኛው ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ማስረጃህ ውድቅ መሆኑን ባሳይህ ነገ ጠዋት ማመንህን ትተዋለህ?» አለው።

ጓደኛዬ ትንሽ አሰበ። «እተዋለሁ» አለ። «ካልተውኩማ ማስረጃዬ ለይምሰል ነበር ማለት ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ሰዓቱን እያየሁ ተቀምጫለሁ፤ አላጨበጨብኩም። በዚያ አዳራሽ ከነበረው ሕዝብ መካከል የሁለቱንም ታሪክ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የዶርም ጓደኛዬ ታናሽ ወንድሙን በልጅነት በሽታ ቀምቶታል። ልጁ ያረፈባትን ሌሊት ነግሮኛል። ቤተሰቡ ደክሞት ተኝቷል፤ እሱ ብቻውን የወንድሙን እጅ ይዞ ተቀምጧል። የልጁ እስትንፋስ እየራቀ ሲሄድ የሚያስፈራው ነገር እንዳለ ከላዩ ላይ ተነሳለት። «እዚያ ክፍል ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ነበረ» አለኝ። «እንዲህ ያለ ሰላም ከእኔ ሊመጣ አይችልም፤ እኔ እየፈረስኩ ነበር።» ይህን ነገር ደብተሩ ውስጥ አላሰፈረውም። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱ ማስረጃ አይደለማ! ሌላው ሰው ሊፈትሸው አይችልም» አለኝ።

ሒሳበኛው ደግሞ እናቱን ነው ያጣው። እሷ እስከ መጨረሻዋ ትጸልይ ነበር። እሱም ልጅ ሆኖ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ተንበርክኮ ለመነ። ሞተች። «ከዚያ በኋላ ልጸልይ ስል ድምፄ ጣሪያው ጋ ደርሶ ሲመለስ ይሰማኛል» ብሎኛል አንድ ቀን። እሱም ይህን በክርክር አያነሳውም። ስሜት ነው ይላል።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ሐዘንተኞች አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመው ስለ ጋላክሲ ይከራከራሉ። አንደኛው በሞት ክፍል ውስጥ አንድን ነገር አገኘ፤ ሌላው በተመሳሳይ ክፍል ውስጥ ያንኑ ነገር አጣ። ለሁለቱም ጥያቄው ያ ነበር። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። በዚያች ሰዓት ተነስቼ «ቆዩ፤ እናንተ የምትነጋገሩት ስለዚህ አይደለም» ማለት ነበረብኝ ወይ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ምሥጢሩ የእኔ አልነበረም፤ በአደራ የተነገረኝን በአደባባይ ማውጣት አይገባኝም። ይህን አውቃለሁ። ግን ቁጭት በምክንያት አይታዘዝም።

ጓደኛዬ ቃሉን ጠበቀ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ፈተሸው፤ እኔ ስተኛ መብራት አብርቶ፣ ስነሳም እዚያው ወንበር ላይ አገኘው ነበር። ቀይ ያልነካው ገጽ አላገኘም። በፈተና ሰሞን መጸለይ ተወ። አንድ ማታ ዝም ብሎ ግድግዳውን ሲያይ፣ «የወንድምህ ሌሊትስ?» አልኩት። «ነግሬሃለሁ እኮ፤ እሱ ማስረጃ አይደለም» አለኝ። በሕይወቱ ያየውን ከሁሉ የከበደ ነገር በሦስት መስመር ሊጻፍ ስላልቻለ ጣለው። ሐቀኝነቱን ዛሬም አደንቃለሁ፤ በእሱ ቦታ ሆኖ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ብዙ ነው። ግን ይቆጨኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ጉባኤ መተላለፊያ ላይ ተገናኘን። ደብተሩ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበርና «አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። መልስልኝም ጣለውም ሳይለኝ ስለ ልጆቹ ማውራት ጀመረ።

ሒሳበኛው ዛሬ ከቅርብ ወዳጆቼ አንዱ ነው። የዶርም ጓደኛዬ የወንድሙን ታሪክ በኋላ ላይ ራሱ ጽፎለት ኖሮ አንድ ቀን አነሳልኝ። «ያኔ አዳራሹ ውስጥ ይህን ቢናገር ኖሮ ክርክሩን ትቼ እሱን አዳምጥ ነበር» አለኝ። «ታምን ነበር?» ብለው፣ «አይ፣ አላምንም ነበር። የእኔን እነግረው ነበር» አለ።

አሁን ወደ ማስረጃው ልምጣ፤ ያለዚያ ሽማግሌው ጥያቄውን ሸሸ ትሉኛላችሁ።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር ቢኖር በእነዚህ ማስረጃዎች ላይ ከሁሉ የበረታውን ተቃውሞ ያነሱት ብዙ ጊዜ አማኞች ራሳቸው መሆናቸውን ነው። አንሰልም የተባለው መነኩሴ በ1070ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እግዚአብሔር ማለት ከእሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል ነው፤ በሐሳብ ብቻ ከመኖር በእውን መኖር ይበልጣልና የግድ አለ ብሎ ተከራከረ። ጋውኒሎ የተባለ ሌላ መነኩሴ ወዲያው ተነሳበት። በዚህ ዓይነትማ ከእሷ የምትበልጥ ሊታሰብ የማትችል ደሴትም የግድ አለች ማለት ነው አለው። እሱም ያምናል፤ የመነኩሴ ወንድሙን አመክንዮ ግን አላለፈለትም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1781 ነገሩን ከሥሩ ሲይዘው፣ በሐሳቤ ያለ መቶ ብርና በኪሴ ያለ መቶ ብር በምንነታቸው አይለያዩም፤ መኖር በአንድ ነገር ላይ የሚጨመር ባሕርይ አይደለም ወደሚለው አመጣው። እሱ የጠቀሰው ገንዘብ ታለር ነበር። ይህ ተቃውሞ ከተነሳ በኋላም ክርክሩ አልሞተም፤ ዛሬም ድረስ በአዲስ መልክ የሚያነሱት የአመክንዮ ሰዎች አሉ።

ያ ጓደኛዬ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን የመጀመሪያ ምክንያት ክርክር ደግሞ እንመልከት። ከአል-ገዛሊ ጋር በኋላ የመጣው ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ተሟግቷል፤ ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው። በምዕራቡ በኩል ቶማስ አኩይናስ፣ የእግዚአብሔርን መኖር በምክንያት ማሳየት ይቻላል ብሎ አምስት መንገድ የዘረዘረው ታላቅ ሊቅ፣ ዓለም መጀመሪያ እንዳለው ግን በምክንያት ማረጋገጥ አይቻልም፤ ይህን የምናውቀው በእምነት ነው ብሏል። ምክንያቱን ስትሰሙ ትደነቃላችሁ። በእምነት የሚታወቀውን ነገር በማይበቃ ማስረጃ ላስረዳ የሚል ሰው የማያምኑትን ያስቃል፤ አማኞች የሚያምኑት በዚህ ምክንያት ነው ብለው እንዲያስቡ ያደርጋቸዋል ይላል። አኩይናስ ያረፈው በ1274 ነው። ጓደኛዬ ይህን አንቀጽ ሳያነብ ቀርቶ አይደለም፤ በሰማያዊ ገልብጦታል። ወደ ራሱ ግን አላዞረውም።

ወደ ሳይንሱ እንለፍ። ታላቁ ፍንዳታ የምንለውን ሐሳብ መጀመሪያ መልክ ያስያዘው ዦርዥ ለሜትር የተባለ ቤልጂጋዊ ነው። የፊዚክስ ሊቅ ብቻ ሳይሆን ካህንም ነበር። በ1927 ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን ከአንስታይን ቀመሮች አወጣ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉም ነገር ከአንድ የመጀመሪያ አቶም ተነስቶ ይሆናል አለ። አንዳንድ ሊቃውንት ነገሩ ኦሪት ዘፍጥረትን አስመስሎባቸው ሐሳቡን በጥርጣሬ አይተውታል። ፍሬድ ሆይል የተባለው ኢአማኒ ሊቅ ለሐሳቡ የዛሬ ስሙን የሰጠው በ1949 በሬዲዮ ሲቃወመው ነው። ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ በተቃራኒው በ1951 ባደረጉት ንግግር ሳይንስ የፍጥረትን ጅማሬ የመሰከረ ያህል አድርገው ተናገሩ። በዚህ ጊዜ ያልተደሰተው ማን ነበር? ካህኑ ለሜትር! ንድፈ ሐሳቡ ከማናቸውም የሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፤ አማኙም ኢአማኙም እኩል ሊቀበለው ይችላል የሚል አቋም ነበረው። እምነቱን በስሌቱ ላይ አላቆመም፤ ስሌቱንም በእምነቱ አላጣመመም። ለእኔ እንደ ፊዚክስ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለም።

ኒውተንን ያየ ደግሞ ተቃራኒውን ያያል። የፕላኔቶች ምሕዋር በጊዜ ብዛት ስለሚዛባ እግዚአብሔር አልፎ አልፎ ማስተካከል ይኖርበታል ብሎ አሰበ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ከፕላኔቶቹ ትላልቅ መዛባቶች ዋናው ጊዜውን ጠብቆ ራሱ ወደ ቦታው የሚመለስ መሆኑን በስሌት አሳየ። ኒውተን ለእግዚአብሔር የሰጠው ሥራ በሒሳብ ተሸፈነ። ሳይንስ ገና ያልደረሰበትን ክፍተት እየፈለጋችሁ «እዚህ ጋ ነው ያለው» የምትሉ ልጆች ይህን አስቡ። ነገ ክፍተቱ ሲሞላ አምላካችሁን ወዴት ልታዛውሩት ነው?

«ሳይንስ እግዚአብሔር የለም ብሎ አረጋግጧል» የምትሉትም ያው ናችሁ። የቴርሞዳይናሚክስ መምህራችንን አንድ ተማሪ ስለ ፈጣሪ ጠየቃቸው። መምህሩ ዝም ብለው ሰሌዳውን ሞልተው አንድ ስሌት ሠሩና መጨረሻው ላይ ሲደርሱ፣ «ብጸልይም ባልጸልይም ይህ መልስ አይለወጥም። ለዚህ ነው ፊዚክስን የምወደው። ስለሌላው ከፈለግህ ከክፍል ውጭ እንነጋገር» አሉት። እኚህ ሰው ያምኑ እንደሆን ወይም አያምኑ እንደሆን ተምረን እስክንወጣ አላወቅንም። ሳይንስ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ፈጣሪን ከስሌቱ ውጭ ያደርጋል። ከስሌቱ ውጭ ማድረግና የለም ማለት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልጄ፣ የክፍልሽ ልጅ ብልህ ከሆነ ስለ ታላቁ ፍንዳታ አያወራሽም። ስለ ሥቃይ ነው የሚጠይቅሽ። እሱን ጥያቄ በፍጹም አታቃልዪው። ቻርልስ ዳርዊን ልጁ አኒ በ1851 በአሥር ዓመቷ ሞተችበት፤ ለእምነቱ ከባድ ምት እንደነበረ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። በ1860 ለአንድ አማኝ ወዳጁ፣ ሌላውን ነፍሳት በቁሙ ከውስጥ እየበላ የሚያድግን ተርብ መሳይ ፍጡር መልካም አምላክ አስቦ ፈጠረው ብዬ ራሴን ማሳመን አልችልም ብሎ ጻፈለት። የእነ ዳርዊንን ጥያቄ «ሰው ነጻ ፈቃድ ስላለው ነው» ብለሽ አታመልጪውም። ነጻ ፈቃድ የሰውን ጭካኔ ያስረዳ ይሆናል፤ ሕፃን በደዌ ሲሞት ግን የማን ፈቃድ ነው? ለዚህ ጥያቄ እኔን የሚያሳርፈኝ መልስ አላገኘሁም፤ ከማምንበት ጊዜ ሁሉ ጋር አብሮኝ ኖሯል። መጽሐፈ ኢዮብን ስታነቢ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው ረጅም ክርክር የደረደሩት የኢዮብ ወዳጆች ናቸው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው፤ ቅን ነገር ተናገረ የተባለው እሮሮውን ያሰማው ኢዮብ ነው።

ስለ እናንተ ትውልድም የታዘብኩትን ልናገር። የልጅ ልጄ ስልኩ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ እግዚአብሔር ሲከራከሩ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አሳየኝ። ርዕሱ እገሌ እገሌን አፈር አስጋጠው የሚል ነው። የተቆረጠው ልክ ተሸናፊው መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ነው! ይህ ያናድደኛል። እናንተ የአመክንዮ ስሕተቶችን ስም በቃላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ ስሕተቱን ትጠሩለታላችሁ። አንድን ሐሳብ ተሸክሞ ለመሰንበት ግን ትዕግሥቱ የላችሁም። በሌላ በኩል ደግሞ ቅናት የሚያሳድርብኝ ነገር አላችሁ። እኛ በዚያ ዕድሜ በለሆሳስ የምንጠይቀውን እናንተ በወላጆቻችሁ ፊት ትጠይቃላችሁ። ይህችም ልጅ ስሟን ሳትደብቅ ነው የጻፈችልኝ። ይህን ድፍረት አትጣሉት።

ከላይ ክርክርን የነቀፍኩ መስሎ ከታየ አሳቤ እንደዚያ አይደለም። ተከራከሩ። እምነት ከጥያቄ ይሸሽ የሚል ሰው ጋር አልስማማም፤ ጥያቄ የማይነካው እምነት ምን እንደሆነ አላውቅም። መከባበርና መደማመጥን በተመለከተ የምለው የለኝም፤ እሱን ከቤታችሁ ይዛችሁ መጥታችኋል። የምለምናችሁ ሌላ ነው። ወደ ክርክር ከመግባታችሁ በፊት የዶርም ጓደኛዬን የተጠየቀውን ጥያቄ ለራሳችሁ ብቻችሁን ጠይቁ። ይህ ማስረጃ ቢወድቅ ማመኔን እተዋለሁ? ማመን ያቃተኝ ይህ ተቃውሞ ቢመለስልኝ ነገ እጸልያለሁ? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ የምታምኑበት ወይም የማታምኑበት ምክንያት ሌላ ቦታ አለና እሱን ፈልጉት። ካገኛችሁት በኋላ ለሚያዳምጥ ሰው ንገሩት፤ ለአዳራሽ አይደለም።

አል-ገዛሊ እንኳ፣ ያንን የሚያህል ሙግት የገጠመ ሰው፣ በወጣትነቱ ከገባበት ጥርጣሬ የወጣው ማስረጃ በመደርደር ሳይሆን እግዚአብሔር በልቡ በጣለው ብርሃን እንደሆነ መስክሯል። የሒሳብ ሊቁ ፓስካል ኖቬምበር 23 ቀን 1654 ሌሊት የሆነለትን ነገር በብራና ጽፎ በልብሱ ውስጥ ሰፍቶ ይዞት ኖረ፤ ከሞተ በኋላ ነው የተገኘው። ከተጻፈው መካከል የፈላስፎች ሳይሆን የአብርሃም አምላክ የሚል ይገኝበታል። እነዚህ ሰዎች ማስረጃ መሥራት ተስኗቸው አይደለም እንዲህ ያሉት። ኢአማኙም እንደዚሁ የራሱ ሌሊት ሊኖረው ይችላል። የፓስካልን ሌሊት አክብራችሁ የሒሳበኛውን ወዳጄን ሌሊት አታቃልሉ።

«እርስዎስ?» ትይኝ ይሆናል። እኔ የማምነው እየጸለይኩ ስላደግሁና በጸሎት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ስለማላውቅ ነው። ሌላ ቦታ ብወለድ ሌላ ነገር አምን ነበር የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አልክደውም። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ከራሴ ጋር የሚጣላ ነገር ልናገር፤ ከማስረጃዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ ይዞኛል። ፈላስፋው ላይብኒትዝ ያነሳው ነው፤ ለምን ምንም ሳይኖር በመቅረት ፈንታ አንዳች ነገር ኖረ? በ1948 ፈላስፋው በርትራንድ ራስልና ካህኑ ኮፕልስተን በቢቢሲ ሬዲዮ በዚሁ ዙሪያ ተከራክረዋል። ራስል ጽንፈ ዓለሙ እንዲሁ አለ፣ በቃ ነው ያለው። ይህን መልስ ማፍረስ አልችልም። ነገር ግን ለእያንዳንዷ ቅንጣት «ለምን?» ማለትን ዕድሜ ልኬን ያስተማረኝ ሥራ፣ የመጨረሻው «ለምን?» ጋ ስደርስ አትጠይቅ ሲለኝ እሺ ማለት ያቅተኛል። ሒሳበኛው ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ «አንተ እሺ ማለት ስላቃተህ መልስ አለው ማለት አይደለም» ይለኛል። ልክ ነው። በሚቀጥለው ስንገናኝ ምን እንደምመልስለት እያሰብኩበት ነው።